አያ ኪሮስና የሞቃቱ ክፍል እሳት

አያ ኪሮስ ደሳለኝ ከመካከላችን ተለይተዋል። የዛሬ ሁለት ሳምንት፣ ማክሰኞ ማለዳ፣ ፊታቸውን ታጥበው ጋቢያቸውን ደርበው እንደ ልማዳቸው ፀሐይ ሊሞቁ ደጃፋቸው ላይ ተቀመጡ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ብርቄ ቁርስ ይዘው ሲወጡ ራሳቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው አገኟቸው። የተኙ መስሏቸው እንዳይቀሰቅሷቸው ትንሽ ቆመው ጠበቁ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በሚካኤል ደብር አሳረፍናቸው።

በዝቋላ፣ በኒሯቅና በፃግብጂ ያላችሁ ወዳጆቻቸው ለቀብሩ እንዳልደረሳችሁ አውቃለሁ፤ በእኛ አገር መርዶም በእግሩ ነው የሚሄደው። ይህን የምጽፈው በመጀመሪያ ለእናንተ ነው። ደግሞም ስለ እሳቸው ብዙ ሰው የሚያወራው አንድ ነገር እውነት አይደለም፤ እስከ ቅርብ ቀን ድረስ እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። እንደ ሥርዓቱ ግን ከሰውየው ልጀምር።

እኔ በሰቆጣው ክሊኒክ በአዋላጅነት የምሠራ ነርስ ነኝ። ከአያ ኪሮስ ጋር የሥጋ ዝምድና የለኝም። ደሴ ተወልጄ፣ ሙያዬን ተምሬ፣ በሃያ ሦስት ዓመቴ ወደዚህ ተላክሁ። ከኮረም ጀምሮ በበቅሎ መጥቼ ወገቤ ተቆርጦ በደረስሁበት ቀን፣ ክፍሎቹን ለማየት ስገባ አንድ ጎልማሳ ሰው በሆዳቸው ወለሉ ላይ ተኝተው፣ አፍንጫቸውን ከግድግዳው ሥር ደቅነው አየሁ። በሽተኛ የወደቀ መስሎኝ ሮጥሁ።

«አመመዎት?» አልኋቸው።

«የለም ልጄ፤ እያሸተትሁ ነው» አሉኝ ሳይነሡ። «ጋዝ እንደ ጭስ ሽቅብ አይሄድም። እንደ ውሃ ቁልቁለት ይወዳል። የሚፈልገው ሰው መንበርከክ አለበት።»

ከዚያ ተነሥተው ጉልበታቸውን አራገፉና፣ ከመንገድ መምጣቴን አይተው አንድ ወንበር ወደ ምድጃው አስጠጉልኝ።

ያ ምድጃ በአውራጃው ውስጥ ብቸኛው ነበር። ቀድሞ ክሊኒኩን ያስተዳድር የነበረ አንድ የውጭ አገር ሐኪም ከክሊኒኩ ጋር የተያያዘውን ቤቱን ሲያሠራ፣ ሚስቱ የእንጨት ጭስ ደረቷን ስለሚያፍናት፣ በዙሪያችን ያለውም ኮረብታ የተራቆተ ስለሆነ፣ ከአስመራ በጋዝ የሚነድ ምድጃ አስመጥቶ በሳሎኑ ግድግዳ ውስጥ አስገነባ። ሲሊንደሩ ደጅ፣ ከጣሪያው ጥላ ሥር ይቆማል። ጣት የምታህል የመዳብ ቧንቧ ግድግዳውን በስታ፣ በልስኑ ውስጥ ተቀብራ ወደ ምድጃው ትገባለች። ሐኪሙ ወደ አገሩ ሲመለስ ሳሎኑን ለእናቶች አደረግነው። ጊዜያቸው ሳይደርስ የተወለዱ ሕፃናትና ደም ፈስሷቸው የሚንቀጠቀጡ ወላዶች የሚተኙበት ሆነ። ስሙንም ሕዝቡ ራሱ «ሞቃቱ ክፍል» አለው። የክረምቱን ብርድ የምታውቁ፣ ያ ክፍል ምን ማለት እንደ ነበር አልነግራችሁም።

አያ ኪሮስ የዚህ ምድጃ ጠባቂ ነበሩ። የመሪጌታ ልጅ ናቸው፤ ራሳቸውም በልጅነታቸው ዲቁና ተቀብለው ነበር። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ሥራ ፍለጋ አስመራ ወርደው፣ በአንድ ትልቅ ሆቴል የጋዝ ምድጃና የሙቅ ውሃ ቧንቧ የሚጠግን ባለሙያ ዘንድ ብዙ ዓመት ሠሩ። ሲሊንደሩን እስከ መጨረሻው በአስመራ አጠራር «ቦምቦላ» ይሉት ነበር። ለምን ተመልሰው እንደ መጡ ስጠይቃቸው «እናቴ አረጀች» ብለው በአንድ ቃል ይጨርሱታል። አንድ ቀን ብቻ፣ አንድ አስታማሚ ምድጃው አጠገብ ክብሪት ሊጭር ሲል እጁን ይዘው፣ «የጋዝ ቀዳዳ በክብሪት የፈለገ ጓደኛ ነበረኝ» አሉት። ሰውየው ቀጥሎ ምን እንደ ሆነ ለመስማት ጠበቀ። እሳቸው ግን ክብሪቱን ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱና ወጡ።

ሰኞ ሰኞ ጠዋት ምድጃው ይመረመር ነበር። መሣሪያቸውን የሠሩት በእጃቸው ነው። በአንዲት ሳንቃ ላይ ታጥፎ የተመለሰ የመስታወት ቱቦ አስረው፣ ውስጡ ውሃ ሞልተው፣ ውሃው በደንብ እንዲታይ ደብተራ ወንድማቸው ለጽሕፈት ከሚበጠብጠው ቀይ ቀለም ጠብ ያደርጉበታል። እሳቱን አጥፍተው ቱቦውን ከቧንቧው ጋር ይገጥማሉ። የሲሊንደሩንም የምድጃውንም መዝጊያ ይዘጋሉ። በመካከል የታሰረው ጋዝ ቀዩን ውሃ ገፍቶ በአንድ ወገን ከፍ ያደርገዋል። ያንን ከፍታ በእርሳስ ያሰምሩና ቆመው ጸሎታቸውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያደርሳሉ፤ የእጅ ሰዓት አልነበራቸውም። ጸሎቱ ሲያልቅ ውሃው መስመሩ ላይ ካለ ቧንቧው ደኅና ነው። ዝቅ ካለ የሆነ ቦታ ይተነፍሳል ማለት ነው። ያን ጊዜ እንዶድ ወቅጠው አረፋውን በዶሮ ላባ በየመገጣጠሚያው ይቀባሉ። ጋዝ የሚወጣበት ቦታ አረፋው ያብጣል።

«ሳሙና አለ እኮ፣ አያ ኪሮስ» አልኋቸው በመጀመሪያው ሰሞን።

«ሳሙናውን ለእጅሽ አቆይው። እንዶዱ ለብረት ይበቃል።»

ነበልባሉንም ያነቡት ነበር። ሰማያዊ ሲሆን ዝም ይላሉ፤ ቢጫ ሲሆን «ዛሬ አኩርፏል» ብለው የምድጃውን አፍ በቀጭን ሽቦ ይጠርጋሉ። በበሩ ሥር፣ ከወለሉ ጋር እኩል፣ ሦስት ቀዳዳ የፈለፈሉት እሳቸው ናቸው። እናቶቹ ብርድ ገባብን ብለው በጨርቅ ሲወትፉት አይቆጡም። ከአማርኛ ይልቅ ኽምጣና ለሚቀላቸው በኽምጣና፣ አጠገባቸው ተንበርክከው ያስረዳሉ፤ ሴቶቹም ስቀው ጨርቁን ያወጣሉ። በሳምንቱ ሌላ እናት ትመጣለች፤ ሌላ ጨርቅ ይወተፋል፤ እሳቸውም እንደ ገና ይንበረከካሉ።

የከተማው ሰው የሚያውቃቸው ግን በምድጃው ብቻ አልነበረም። በላምባ የሚነደውን የፕሪመስ ምድጃና የቤተ ክርስቲያኑን የማሾ መብራት የሚጠግኑት እሳቸው ነበሩ። ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ ሴቶች ፕሪመሳቸውን በነጠላ ሸፍነው ይጠብቋቸዋል። አንዲት ጠላ ሻጭ አሮጊት ነበሩ፤ ፕሪመሳቸው በየሳምንቱ ይበላሻል። አያ ኪሮስ በየሳምንቱ ፈትተው ይገጥሙታል። አንድ ቀን አብሬያቸው ሳልፍ «ይህ ዕቃ ምን ሆኖ ነው የማይድነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ፈቀቅ ካልን በኋላ «ምንም አልሆነም» አሉኝ። «ልጆቻቸው ሁሉ ወደ ቆላ ወርደዋል። የሚያጫውታቸው ሰው ሲያጡ ዕቃውን ራሳቸው ያላሉታል።»

ጋዙን ከኮረም የሚያመጡትም እሳቸው ነበሩ። ሁለቱን ሲሊንደር በአንዲት በቅሎ ግራና ቀኝ ጭነው፣ ሁለት ቀን ተኩል በእግራቸው ይነዷታል። ከዕለታት አንድ ቀን በተጠበቁበት ሰዓት ሳይመጡ ቀሩ። በማግስቱ ሲደርሱ በቅሎዋ ላይ ሲሊንደር የለም፤ ምጥ የያዛት ሴት ተቀምጣለች፣ ባሏ ከኋላ ይደግፋታል። ያን ጊዜ ሐኪሙ ገና አልሄደም ነበር። ብርዱ ጠንቶበት ስለ ነበር ፊቱ በቁጣ ቀላ።

«ጋዙስ የት አለ?» አላቸው።

«ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ከዋርካ ሥር አስቀምጬዋለሁ። እሱ ይጠብቀኛል፤ እሷ አትጠብቅም።»

ሐኪሙ የተናገሩትን አስተርጉሞ ሲሰማ ካፖርቱን ደርቦ ወደ ማዋለጃው ገባ። አያ ኪሮስም ውሃ እንኳ ሳይጠጡ በቅሎዋን መልሰው ወደ ገደሉ ሄዱ። ያን ቀን የተወለደው ልጅ ዛሬ የቤተ ክህነት ትምህርት ይማራል፤ በቀብሩ ላይ አይቼዋለሁ።

አሁን ልነግራችሁ ወዳልሁት ነገር ደርሻለሁ። ስድስት ዓመት ያህል ሆነው።

ነሐሴ ነበር። ከፃግብጂ ለምለም የምትባል ወጣት ሴት በቃሬዛ መጣች። ባሏ ተካና አማቷ አብረዋት ነበሩ። ጊዜው ሳይደርስ መንታ ወለደች፤ ወንድና ሴት። ሁለቱ ተደምረው የአንድ ሕፃን ያህል አይሆኑም። በጥጥ ጠቅልለን ሞቃቱ ክፍል አስተኛናቸው፤ በጠብታ እያጠባን ሦስት ቀን አደሩልን። ቅዳሜ ዕለት ለምለም እጄን ያዘችኝ።

«ሲስተር» አለችኝ፣ «እመቤቴ ከተኛሁበት ሆኜ ብትታየኝ ልቤ ያርፍ ነበር።»

እናቴ ከደሴ ስወጣ የሰጠችኝ የማርያም ሥዕል ነበረኝ። አምጥቼ ከምድጃው በስተቀኝ፣ ከአልጋዋ ትይዩ ሰቀልሁላት። ረጅም ምስማር ፈልጌ በድንጋይ መትቼ ነው የሰቀልሁት። ለምለም ቀና ብላ አየችና አለቀሰች፤ እኔም ደስ አለኝ። የሆነው ይህ ነው።

ሰኞ ጠዋት አያ ኪሮስ ዝናብ መትቷቸው መጡ። እንደ ሁልጊዜው እሳቱን አጥፍተው ሳንቃቸውን ገጠሙ፤ ጸሎታቸውን አደረሱ። ቀዩ ውሃ ከመስመሩ የስንዴ ፍሬ ያህል ወርዷል። እንደ ገና ሞከሩ፤ እንደ ገና ወረደ። እንዶዱን ይዘው በየመገጣጠሚያው ቀቡ። ከሲሊንደሩ አንገት እስከ ምድጃው አፍ አንዲት አረፋ እንኳ አላበጠችም። ወለሉ ላይ ተኝተው አሸተቱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ እናቶቹን ወደ አንቺ ክፍል አውጫቸው። ይህ እሳት ዛሬ አይነድም» አሉኝ።

የክሊኒኩ ኃላፊ አቶ መኰንን ሰምተው መጡ። እሳቸውም ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሕፃናቱን እንደ እኔው ሌትና ቀን ሲጠብቁ የሰነበቱ ናቸው።

«አያ ኪሮስ፣ የስንዴ ፍሬ የምታህል ነገር ናት» አሏቸው። «እሳቱ ይነደድ። ልጆቹ እየቀዘቀዙ ነው።»

«በየት እንደሚወጣ ባውቅ እሺ እልዎ ነበር። አላወቅሁም።»

«ሽታ አለው?»

«ለእኔ አልሸተተኝም። ግን ግድግዳው ውስጥ ከሆነ ሳይሸት ይጠራቀማል።»

«እነዚህ ሕፃናት ቢሞቱ በእርስዎ ነው።»

«አዎ፣ በእኔ ነው» አሉ አያ ኪሮስ። ድምፃቸውን አላነሡም። «እሳቱ ተለኩሶ ቤቱ ቢነድም በእኔ ነው። ሁለቱም በእኔ ከሆኑ፣ አምስት እናቶች ያሉበትን ቤት አልለኩስም። ብርዱን በሰው ገላ እንከላከለዋለን፤ ጋዙን በምን እንከላከለዋለን?»

አቶ መኰንን ወጥተው ውሃ አስጥደው ጠርሙስ ማሞቅ ጀመሩ። እናቶቹን ወደ እኔ ክፍል አሻገርናቸው። ሴቲቱን ሕፃን ለምለም በደረቷ ይዛ ገላ ለገላ ሆኑ፤ ወንዱን አማቷ ያዙት። ወይዘሮ ብርቄ ከቤታቸው ያለውን ብርድ ልብስ ሁሉ ተሸክመው መጡ። አያ ኪሮስ ከግድግዳው ማዶ ሆነው ልስኑን በመሮ እየፈለፈሉ ቧንቧውን ይከተላሉ፤ የመሮው ድምፅ ይሰማን ነበር።

እኩለ ቀን ላይ የወንዱ ሕፃን መልክ ተለወጠ። ክርስትና አልተነሣም፤ ገና አርባ ቀኑ የት አለና። ተካ ሮጦ የሚካኤልን ቄስ ጠራ። የክርስትና አባት የሚሆን ሰው ሲፈለግ በቅርብ የተገኙት አያ ኪሮስ ነበሩ። መሮውን አስቀምጠው፣ እጃቸውንና ጢማቸውን ከኖራ ታጥበው ገቡ። ሕፃኑን ከአማቲቱ ሲቀበሉ በአንድ መዳፋቸው ላይ ሞላ። ገብረ ሚካኤል ተባለ። ለእናቱ ሰጥተው፣ ግንባሩን ስመው፣ ወደ ግድግዳው ተመለሱ።

ከሰዓት በኋላ ሕፃኑ አረፈ።

ልነግራቸው ወደ ሞቃቱ ክፍል ሄድሁ። ተንበርክከው ነበር። ከምድጃው በስተቀኝ ልስኑ ተልጧል፤ ምስማሩ የቧንቧውን ጎን ወግቶ እንደ ተሰነቀረ ይታያል። ዙሪያውን የቀቡት አረፋ ቀስ እያለ ያብጣል፣ ይፈነዳል፣ ያብጣል። ሥዕሏን አውርደው አልጋው ላይ፣ በንጹሕ ጨርቅ ላይ አስቀምጠዋታል።

«አረፈ» አልኋቸው።

አማተቡ። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ «ልጄ፣ ይህን ምስማር መቼ መታሽው?» አሉኝ። ማን መታው አላሉም።

«ቅዳሜ» አልሁ። ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ።

መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። አሁኑኑ ሄጄ ለለምለም እነግራለሁ፣ ለአቶ መኰንንም እናገራለሁ አልሁ።

«ለምለም ሌላ ልጅ አለቻት» አሉኝ። «ያቺ ልጅ በሕይወት የምትቆየው በአንቺ እጅ ነው። ዛሬ ከነገርሻት ከእጅሽ ውሃ አትቀበልም፤ ልጅቱን አቅፋ በዚህ ዝናብ ወደ ፃግብጂ ትሄዳለች። በእኔ ቢያዝኑ እኔ አላስፈልጋቸውም። አንቺ ግን ታስፈልጊያቸዋለሽ፤ ነገም የሚወልዱ አሉ። እስክትጠና ጠብቂ። ያን ጊዜ ትነግሪያታለሽ።»

«ልጁን የገደልሁት እኔ ነኝ?»

«እሱን የሚያውቅ አንድ እግዚአብሔር ነው» አሉ። «እኔ የማውቀው ሥዕል መስቀልሽን ነው። ቧንቧው የት እንደሚያልፍ ግድግዳው ላይ ምልክት ማድረግ የነበረብኝ ደግሞ እኔ ነኝ።»

አቶ መኰንን መጥተው ምን እንደ ተገኘ ሲጠይቁም ይህንኑ ደገሙላቸው። «ቧንቧው ተበስቷል። ምልክት አድርጌ ቢሆን አይበሳም ነበር።» ማን በሳው ለሚለው መልስ አልሰጡም። ምስማሩን ነቅለው፣ የተወጋውን ቆርጠው፣ በብየዳ ቀጠሉት። ቀዩ ውሃ በመስመሩ ላይ ቆመ። ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱ በሰማያዊ ነበልባል ነደደ፤ ሴቲቱ ሕፃንም ከእናቷ ጋር ወደ ሞቃቱ ክፍል ተመለሰች። ዳነች። ስሟንም ትርፌ አሏት።

በሰማንያ ቀኗ ለምለም የክርስትና እናት እንድሆናት ለመነችኝ። ልጄን ያተረፍሽልኝ አንቺ ነሽ አለችኝ። እምቢ ማለት አልቻልሁም። አበልጅ ሆንን።

አያ ኪሮስን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሕዝቡ «እሳት አጥፊው» አላቸው። ሕፃን በብርድ የገደለ ተባሉ። አቶ መኰንን ምድጃውን ለሌላ ሰው ሰጥተው እሳቸውን በር ላይ በዘበኝነት አስቀመጧቸው። ተካ ገበያ ውስጥ ሲያገኛቸው ፊቱን ያዞራል፤ እሳቸው ግን ባርኔጣቸውን አንሥተው «እንዴት ሰነበታችሁ፣ ትርፌ ደኅና ናት?» ሳይሉ አያልፉም ነበር። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ግን ማንም ሳያዛቸው ሳንቃቸውን በብብታቸው ይዘው ይመጣሉ። አዲሱ ሰውዬ ወንበር ይስብላቸዋል። አቶ መኰንንም በመስኮት እያዩ እንዳላዩ ይሆናሉ። በግድግዳው ልስን ላይ፣ ቧንቧው በተቀበረበት ሁሉ፣ አያ ኪሮስ ቀይ መስመር አሰመሩ፤ ዛሬም አለ።

አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቁኝ። ሁለት ዓመት አልፎ ነበር። እኔ አንሶላ ሳጥፍ፣ እሳቸው ጸሎታቸውን ጨርሰው ውሃውን ሲመለከቱ፣ «ነገርሻት?» አሉኝ።

«አልነገርኋትም።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ሳንቃቸውን ፈቱ። ምነው ቢቆጡኝ ኖሮ። በየዓመቱ ለትርፌ ልብስ እየያዝሁ እሄዳለሁ፣ አበልጄ በወተትና በማር ትቀበለኛለች፣ እኔም እመለሳለሁ። ዛሬ አይሆንም፣ ከመከር በኋላ፣ ከጾሙ በኋላ እያልሁ ስድስት ዓመት አለፈ። ጠብቂ ያሉኝን እኔ ዝም በይ አድርጌ ያዝሁት።

በለቅሶው ዳስ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ሲጫወቱ ሰማሁ። «እሳት አጥፊው ነው የሞተው?» አለች አንደኛዋ። «አዎን፣ ያ ሕፃን የሞተበት» አለቻት ሌላዋ። ዞሬ ላያቸው አልደፈርሁም። ወይዘሮ ብርቄ ከፊት ሆነው ሰምተዋል፤ እሳቸውም ቢሆኑ እውነቱን አያውቁም ነበር። አያ ኪሮስ ለሚስታቸው እንኳ አልነገሩም።

በሦስተኛው ቀን በመጀመሪያ ለወይዘሮ ብርቄ ነገርሁ። እጄን ይዘው፣ «በዚያ ሰሞን እንቅልፍ አጥቶ ነበር» ብቻ አሉ። በማግስቱ ፃግብጂ ሄድሁ።

ለምለም ከደጃፏ ማሽላ ታበጥር ነበር። ትርፌ ሮጣ መጥታ ቀሚሴን ያዘች። ልጅቱን ወደ ጎረቤት እንድትልካት ለመንኋት። ከዚያ ምስማሩንም፣ ቅዳሜውንም፣ ያሉኝንም፣ ዝምታዬንም ሁሉ ነገርኋት። ሰፌዱ እጇ ላይ ቆመ።

«አያ ኪሮስ ያውቁ ነበር?» አለችኝ።

«ያውቁ ነበር።»

«ገበያ ውስጥ ሰላም ሲሉኝ ስድስት ዓመት አልመለስሁላቸውም።»

ማሽላውን መልሳ ማበጠር ጀመረች።

«ዛሬ ሂጂ» አለችኝ። ጥቂት እንደ ተራመድሁ ጠራችኝ። «አርባቸው መቼ ነው?»

ነገርኋት።

«እመጣለሁ። አንቺን ለማየት አይደለም» አለች።

ስለዚህ በአርባቸው ቀን ከየስፍራው የምትመጡ ወዳጆቻቸው ሁሉ፣ በሚካኤል ደጅ ስንገናኝ ያ ስም ከአፋችሁ እንዳይወጣ እለምናችኋለሁ። እሳት ያጠፉት አምስት እናቶችን ለማትረፍ ነው። ጥፋቱ የማን እንደ ነበር አሁን ታውቃላችሁ፤ የምትሉት ካላችሁ ለእኔ በሉኝ።

አያ ኪሮስ፣ እርስዎ ለእኔ ብለው የተሸከሙትን ዘግይቼም ቢሆን ከትከሻዎ ላይ አውርጄዋለሁ። በሕይወትዎ ሳሉ ላደርገው ይገባኝ ነበር፤ ስላላደረግሁት ይቅር ይበሉኝ። ይኸው ከተሸከምሁት ገና ጥቂት ቀኔ ነው፣ ከአሁኑ ጎበጥሁ። እርስዎ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዴት ቀጥ ብለው እንደ ሄዱበት አላውቅም። ደኅና ይሁኑ፣ አባቴ። አሁን ይረፉ።